ዓይኔን ሸዋ ሮቢት፣ ደሜን ደብረ ብርሃን

ዓይኔ ላይ አንድ ነገር መብቀሉን መጀመሪያ ያየችው ማሾ ልትገዛኝ የመጣች ሴት ናት። ሚዛኑን ለማየት ጎንበስ እንዳለች እሱን ትታ ፊቴን ታየኝ ጀመር። «እትዬ፣ ዓይንሽ ላይ ምንድን ነው የወጣው?» አለችኝ። እኔ ደግሞ የገበያ ሰው ነኝ፤ ዋጋ ልታስቀንስ ወሬ የምታመጣ መስሎኝ «ዓይኔን ተዪውና ማሾውን እዪ» አልኳት።

ቤት ስገባ መስታወት ያዝኩ። በግራ ዓይኔ ነጩ ላይ፣ ከጥቁሩ አጠገብ፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ነጣ ያለች እብጠት አለች። ዙሪያዋን ቀጫጭን የደም ሥሮች ከበዋታል። አታምም፤ ትንሽ ትቆረቁራለች። ሸዋ ሮቢት የኖረ ሰው ዓይኑን አንድ ነገር ባይቆረቁረው ነው የሚገርመው። ፀሐዩ አለ፣ አቧራው አለ፣ እኔ ደግሞ ማሾ ሳበጥር ነው የምውለው። በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩና ተውኩት።

እንዲህ «ተውኩት» የሚል ሰው እንዳይበዛ ነው ይህን የምጽፈው። በተለይ እንደ እኔ የኤች አይ ቪ መድኃኒት እየወሰዳችሁ «ከእንግዲህ ሌላ ነገር አይነካኝም» ብላችሁ የተቀመጣችሁ ሰዎች ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ሰአዳ እባላለሁ። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ቫይረሱ በደሜ ውስጥ እንዳለ ያወቅሁት እሱ ታሞ እኔም ስመረመር ነው። ሲሞት ሰው «ጉበቱን ነው» አለ፤ እኔም ጉበቱን ነው ብዬ ዝም አልኩ። አንዲቷን ልጄን ራህማን ማሾና ሽንኩርት እየነገድኩ አሳደግኳት፤ አሁን አስተማሪ ናት። ከቫይረሱ ነፃ መሆኗን ገና በልጅነቷ አስመርምሬ አረጋግጫለሁ። የባሌ ታላቅ ወንድም ጋሼ ይማምም ክረምት ከበጋ ከጎናችን አልተለዩም። የደሜን ነገር ግን እሷም እሳቸውም አያውቁም ነበር።

በእኛ አገር መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው አብዛኛው በገዛ ከተማው አይወስድም። የአጣዬው ሸዋ ሮቢት ይመጣል፣ የሸዋ ሮቢቱ ደብረ ብርሃን ይወጣል፣ የደብረ ብርሃኑ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ የአዲስ አበባው የት እንደሚሄድ እንጃ። እኔም የስድስት ወር መድኃኒቴ ባለቀ ቁጥር «ልቅሶ ልደርስ ነው» ብዬ የጣርማ በርን ዋሻ አልፌ ብርድ አገር እወጣለሁ። ስመለስ ክኒኑ ብልቃጡ ውስጥ እንዳይንኳኳ ጥጥ እጠቀጥቅበታለሁ። ጋሼ ይማም አንድ ቀን «ደብረ ብርሃን ያሉትን ዘመዶችሽን ምን ዓይነት ሞት ነው የያዛቸው?» ብለውኛል። ሳቄን ውጬ «ብርዱ ነው» አልኳቸው።

መድኃኒቱ ተስማምቶኝ ነበር። አንድም ቀን አላስተጓጎልኩም። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዷል ተብያለሁ። ስለዚህ ሰውነቴ አንድ ጊዜ የሚከፈለውን ከፍሎ የጨረሰ ይመስለኝ ነበር።

እብጠቷ ግን አልሄደችም። መድኃኒት ቤት ስሄድ «አለርጂ ነው» ብለው ጠብታ ሰጡኝ። ጠብታው ሲያልቅ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ባለሙያው ወጣት ልጅ ነው፤ በባትሪ አየኝና «ይሄ በፀሐይና በአቧራ የሚመጣ ሥጋ ነው። ገበሬም ሹፌርም ላይ ይወጣል። ጥቁሩን ካልሸፈነ አያሳስብም» አለኝ። አልፈርድበትም፤ እሱ ያለው ሥጋና የእኔው በሽታ ሲጀምሩ እንደሚመሳሰሉ በኋላ ሰምቻለሁ። ደግሞም ልጁ ጠይቆኛል። «የሚከታተሉት ሌላ ሕመም፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለ። በሩ ክፍት ነው፤ ደጅ ተራ ከሚጠብቁት አንዷ የሰፈሬ ሴት ናት። «ኧረ ምንም የለብኝ» አልኩት።

ደብረ ብርሃን ስወጣ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። እዚያ ለዓመታት የምትከታተለኝ ሲስተር ብርቄ የምትባል ነርስ አለች፤ የደሜን ነገር ከእኔ በላይ የምታውቅ ሴት ናት። እኔ ዓይኔን ሰው እንዳያይብኝ ጥቁር መነጽር ገዝቻለሁ። የዚያን ቀን ጉሙ ወርዶ ሰው ከሰው አይተያይም፤ መነጽሬን እንዳደረግኩ ገባሁ።

«እትዬ ሰአዳ፣ ፀሐዩ ከየት መጣ?» አለችኝ።

«የቆላ ሰው ዓይን ብርዳችሁንም አይችልም» አልኳት።

ሳቀች። የሚሰማኝ ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አልኩ። «እንግዲያው ዛሬ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ እናድርግልሽ፤ ቫይረሱ ያለባቸው ሴቶች ከሌላው ይልቅ ስለሚጋለጡ በየጊዜው መታየት አለባችሁ» አለች። ይህን ስትለኝ የመጀመሪያዋ አልነበረም። «መኪና ያመልጠኛል» አልኳት። እኔን ሁልጊዜ መኪና ያመልጠኝ ነበር።

እንግዲህ ዓይኔን የሚያውቁት ደሜን አያውቁም፤ ደሜን የምታውቀው ደግሞ ዓይኔን አላየችም። በመሃል ያቺ እብጠት ሰፋች። አንዲት ቅጠል የምትጨምቅ ሴት ጋ ሄጄ ጠብ አድርጋልኝ፣ ለቀናት ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ። ሲገለጥልኝ እብጠቷ ወደ ጥቁሩ ተሻግራለች። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት። ብር ስቆጥር ጠርዙ ይደበዝዝብኝ ጀመር፤ ሙቀቱ ሲበረታ ዓይኔ ይደማል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት እኔ ራሴ ለስንት ሰው ተርቼዋለሁ፤ ሲተርቱት ግን ለሌላው ነው።

ራህማ መነጽሬን ራሷ አውልቃ አየችኝና ፊቷ ተለወጠ። እኔን አላማከረችም፤ በቀጥታ ጋሼ ይማም ጋ ሄደች። በነጋታው ኮታቸውን ለብሰው፣ ፍየል ሸጠው፣ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ተነሺ፣ አዲስ አበባ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ገበያዬስ?»

«ገበያ በምን ዓይንሽ ልታዪ ነው?» ብለው ዘንቢሌን አነሡ።

አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል፣ ዓይን ክፍል ደጃፍ ቁጭ አልን። እዚያ ወንበር ላይ ሁሉም አንድ ዓይኑን ሸፍኖ በሌላው ሰው ያያል። ተራው አይደርስም። ከጎኔ የተቀመጠች ክርስቲያን ሴት እኔ ምንም ሳልቀምስ መዋሌን አይታ ከቦርሳዋ ዳቦ አወጣች። «አንቺ ብዪ፤ እኔ ጾም ነኝ፣ ለማታ ብዬ ነው የያዝኩት» አለችኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ተራዋ ደርሶ ገባች። እስከ ዛሬ ዱዓ ሳደርግ አስባታለሁ።

ስንገባ ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት። አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፋ ረዘም ላለ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ወንበሯን መለስ አድርጋ «እናቴ፣ ኤች አይ ቪ ተመርምረው ያውቃሉ?» አለችኝ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት ጋሼ ይማም መለሱ። «የምን ኤች አይ ቪ አመጣሽ ልጄ? እሷ የጨዋ ልጅ ናት። ባሏ ወንድሜ ነበር። እኔ ነኝ የማውቃት።»

ስለ እኔ ክብር ነው የተናገሩት፤ ያ ነው የባሰብኝ።

«ጋሼ፣ ውሃ ይግዙልኝ» አልኳቸው።

«ውሃው ይኸው፣ በእጄ ይዤዋለሁ።»

«ቀዝቃዛ።»

«በዚህ ብርድ ቀዝቃዛ ውሃ!» እያሉ ወጡ። ዶክተሯ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። እኔም «አለብኝ» አልኳት። ከደብረ ብርሃኑ ክፍል ውጭ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ጣራው አልተናደም፤ ዶክተሯ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ጻፈች።

ያለችኝን እንደ ገባኝ ልንገራችሁ። ዓይኔ ላይ ያለው የዓይን ነጭ ሽፋን ካንሰር ይመስላል፤ ተቆርጦ በላቦራቶሪ ሲታይ ይረጋገጣል። ፀሐይ በበዛበት አገር የሚኖር፣ ቫይረሱም ያለበት ሰው ለዚህ ይጋለጣል። «እኔ እኮ መድኃኒቴን አንድ ቀን አላቋረጥኩም» አልኳት፤ ተበድያለሁ በሚል ድምፅ ነው። «ጎበዝ ነዎት፤ እስከ ዛሬ ያቆየዎት እሱ ነው» አለችኝ። «ለካንሰር የመጋለጥ ዕድልዎንም ቀንሶልዎታል፤ ፈጽሞ አላጠፋውም እንጂ። ሰውነታችን መንገድ የሳቱ ሴሎችን በየቀኑ እየለቀመ ይጥላል። መድኃኒት ሳይጀምሩ መከላከያዎ ደክሞ በነበረበት ጊዜ ያመለጠው ሊኖር ይችላል።» ይህ ወዲያው ገባኝ። ማሾ ስትለቅም ዓይኗ የደከመ ሴት ጠጠር ታሳልፋለች።

ከዚያ የፈራሁትን ተናገረች። ወደ ውስጥ ካልዘለቀ እሱን ብቻ ቆርጠው ያወጡታል። ዘልቆ ከሆነ ዓይኑ በሙሉ ይወጣል፤ ከዚያም ካለፈ ለሕይወት ያሰጋል። የቱ እንደሆነ ሲሠሩ ነው የሚታወቀው።

ጋሼ ይማም ውሃውን ይዘው መጡ። «ምን አለችሽ?» አሉ። «ካንሰር ሳይሆን አይቀርም አለች» አልኳቸው። ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ያ ረቢ» አሉና ውሃውን እኔን ረስተው ራሳቸው ጠጡት። የቀረውን ግን አልነገርኳቸውም።

የቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ባረፍንበት ክፍል ውስጥ ግራ ዓይኔን በሻሽ አስሬ መራመድ ተለማመድኩ። አልጋው ጋ ተደናቀፍኩ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፣ ከታመመውም ዓይን ወጣልኝ።

ሲሠሩኝ አላስተኙኝም፤ ዓይኔን ብቻ አደነዘዙት። የመቀሱ ድምፅ ይሰማኛል፣ ሕመሙ ግን የለም። የማውቃትን ሱራ ሁሉ በልቤ ቀራሁ፤ ስታልቅብኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። በመጨረሻ ዶክተሯ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እናቴ፣ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ዓይንዎ ይተርፋል» አለችኝ። እንባዬ መጣ። «አሁን አያልቅሱብኝ፣ ገና እየሠራሁ ነው» አለች።

ውጤቱን መጠበቁ ከቀዶ ሕክምናው ይከብዳል። ሲመጣ ካንሰር ነበር፤ ዙሪያው ግን ንጹሕ ሆኖ ተቆርጧል። የቀረ ካለ እንዲያጠፋው ካንሰር የሚገድል ጠብታ ተሰጠኝ፤ ያቃጥላል፣ ብርሃን ያስጠላል። እይታዬ ትንሽ ደብዝዟል፤ ብር ግን እለያለሁ።

ዶክተሯ ስታሰናብተኝ «ይሄ ነገር ሊመለስ ይችላል» አለችኝ። «ለዓይንዎ ቀጠሮ እዚህ ይመጣሉ። መድኃኒቱንና ሌላውን ክትትል ግን ወደ ከተማዎ ያዛውሩት። አንድ ነገር ብቅ ሲል በቶሎ የሚያይዎት ሰው በቅርብ ይኑር፤ ዓይንዎን የሚያየው ሰው ደምዎንም ይወቅ።» እሺ አልኳት። ሲስተር ብርቄ ጋ ሄጄ ማዛወሪያዬን ስጠይቅ «መጀመሪያ ያን ምርመራ» አለችኝ። መኪናው ይሂድ አልኩ። የማህፀን በሬ ንጹሕ ነበር፤ ምርመራው ደግሞ ስፈራው እንደኖርኩት አልነበረም፣ ቡና ተፈልቶ እስኪቀዳ እንኳ አይቆይም።

ወደ ቤቴ ስመለስ ለካንሰሬ ያልመጣ ሰው የለም። ፓፓያው፣ ማንጎው፣ ወተቱ ቤት ሞላ። አንዷ ጎረቤቴ እጄን ይዛ «አልሐምዱሊላህ በዪ። ካንሰር እንኳ ይሁን፤ ያ የሚያሳፍረው ቢሆን ምን ይዋጥሽ ነበር» አለችኝ። «አሚን» አልኩ። ያን አሚን ከአፌ ሳወጣው ራሴን ተጸየፍኩት። አገሩ ሁሉ ሲያስታምመኝ የውሸት በሽተኛ የሆንኩ መሰለኝ።

ለራህማ የነገርኳት በዚያው ሳምንት ነው። እቃ እያጠበች ነበር። ሰምታኝ ተቆጣች። ስለ በሽታው የምትቆጣ መስሎኝ ነበር።

«ያን ዋሻ ብቻሽን ስንት ጊዜ አለፍሽው?» አለችኝ። «እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ?»

ሳሙና በነካው እጇ አቀፈችኝ።

የያዝኩትን ማዛወሪያ ሰጥቼ መድኃኒቴን ወደ ሸዋ ሮቢት ካዛወርኩ መታየቴ አይቀርም። የጤና ተቋሙ በር ገበያ ወራጁ ሁሉ የሚያልፍበት ነው። ካላዛወርኩ ደግሞ እንደ በፊቱ ሁለት ቦታ ተከፍዬ ልቀጥል ነው፤ ዓይኔን ሊያስበላኝ የነበረው እሱ ነው። ሰው አይቶ ከሚያወራው እኔ ልናገረው ብዬ ቆረጥኩ። የት እንደምናገረው ግን አላውቅም ነበር።

ጋሼ ይማም ዓይኔ ስለተረፈ ሶደቃ አወጡ። በግ አረዱና ሼህ ሙሄን ጠርተው እኛ ቤት ዱዓ ሆነ። ወንዶቹ ሳሎን፣ እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀመጥን። በእኛ ዘንድ ዱዓ ላይ ጉዳይ ያለው ሰው ሐጃውን በአፉ ይናገራል፤ ልጅ የፈለገች ልጅ፣ ዝናብ የፈለገ ዝናብ ይላል። ሼሁ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሰዉ አሚን ይላል። ዱዓ ላይ የተነገረ ሐጃ ሐሜት አይሆንም ይባላል፤ ልክ ይሁን አይሁን አላህ ያውቃል። አጠገቤ ራህማ አለች። በሩ ጋ ከማጀቴ ከተማ ተድራ የመጣች ዘሐራ የምትባል ወጣት ጎረቤታችን ሕፃኗን አዝላ ተቀምጣለች።

ሼህ ሙሄ «የቤቱ ባለቤት ሐጃዋን ትንገረን» አሉ።

«ለዓይኔ አመስግኑልኝ» አልኩ። «ደግሞ ለደሜ ዱዓ አድርጉልኝ። ኤች አይ ቪ አለብኝ፤ ብዙ ዘመኔ ነው። ካንሰሩም በሱ ሰበብ ነው የተጋለጥኩት። ከእንግዲህ መድኃኒቴን እዚሁ ከተማችን ነው የምወስደው፤ ስታዩኝ እንዳትደነግጡ።»

አሚን የሚል ጠፋ። እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። ያ ጊዜ በምጽፈው ልክ አጭር አልነበረም። ከመጋረጃው ማዶ ጋሼ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አሚን በሉ እንጂ» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። «ምን ትጠብቃላችሁ? እኔ ነኝ የማውቃት።»

«አሚን» አለ ሰዉ፣ መጀመሪያ ሳሳ ብሎ፣ ቀጥሎ ሞላ ብሎ። ራህማ እጄን እስኪያመኝ ጨብጣዋለች። ሼህ ሙሄ ረዥም ዱዓ አደረጉልኝ፤ ዓይኔንም ደሜንም በስማቸው ጠርተው። ሲጨርሱ «ሌላስ ሐጃ ያለው?» አሉ።

በሩ ጋ ዘሐራ ሕፃኗን ከጀርባዋ ወደ ጭኗ አወረደች።

«ሼህ፣ እኔም አለኝ» አለች።

«ተናገሪ ልጄ፣ ምንድን ነው ሐጃሽ?»

መሬት መሬት እያየች «የኔም እንደ እትዬ ሰአዳ ነው» አለች።

የዚህኛው አሚን አልዘገየም።